ትንሿ ሰማያዊ መኪናና ጌታዋ፤ የኤቶሬ ቡጋቲ አጭር የሕይወት ታሪክ

በምንኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ፥ በአንድ ጓደኛችን የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፥ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና አለች። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ራዲያተሯ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው፤ ቸርኬዎቿ እያንዳንዳቸው ስምንት ጠፍጣፋ ራጂ አላቸው፤ የሞተሯ ክዳን በቀጭን ጠፍር ታስሯል፤ መሪዋንም ቢያዞሩት የፊት ጎማዎቿ አብረው ይዞራሉ። አጎቱ ከውጭ አገር ሲመለሱ በስጦታ ያመጡለት ስለ ሆነች፥ ጓደኛችን ማንም እንዲነካት አይፈቅድም። አቧራዋን የሚጠርገው ራሱ ነው፤ እርሱም በሥዕል ብሩሽ ነው።

ባለፈው ወር በዚች መኪና ምክንያት በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው፥ ያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ በመጫወቻ መደሰቱ የሚያሳፍር ነው፤ ዋጋዋም ለአንድ ድኻ ተማሪ የብዙ ጊዜ ምሳና ራት ይሆን ነበር አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ይህች መጫወቻ ሳትሆን የታላቅ የእጅ ሥራ መታሰቢያ ናት ብሎ ተሟገተ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በመሆናችን ስለ ሞተር የምናውቀው ጥቂት ነበርና መካከል ላይ ቆመን ዝም አልን። ይሁን እንጂ ዝምታችን ራሳችንን አላስደሰተንም። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን፥ የትንሿ መኪና እናት የሆነችውን ትልቋን መኪና ማን እንደ ሠራት፥ የሠራትም ሰው እንዴት ኖሮ እንዴት እንደ ሞተ መረመርን። ያገኘነውን ከዚህ በታች ለአንባቢ እናቀርባለን፤ ፍርዱን ግን በመጨረሻ አብረን እንፈርዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤቶሬ ቡጋቲ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ ቡጋቲ ስመ ጥሩ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። የሚሠራቸው ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ከሌላው ሰው ሥራ የተለዩ ነበሩ፤ እንጨቱን በመዳብና በናስ ያስጌጠዋል፥ በብራናም ያለብሰዋል። በእኛ ዘንድ ብራና የመጽሐፍ ነው፤ ካርሎ ግን ሰው እንዲቀመጥበት አድርጎታል። የካርሎ እኅትም የታዋቂው ሠዓሊ የጆቫኒ ሴጋንቲኒ የሕይወት ጓደኛ ነበረች። እንግዲህ ኤቶሬ የተወለደው ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የዕለት እንጀራ በሆነበት ቤት ነው።

በ1884 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሙ ተወለደ። ቤተ ሰቡም በታላቁ የሆላንድ ሠዓሊ ስም ሬምብራንት ብሎ ጠራው። ስሙ ከባድ ሸክም ቢሆንም ልጁ ሸክሙን ተሸከመው፤ ካደገ በኋላ የአራዊትን ምስል በነሐስ በመሥራት በአውሮፓ ታወቀ። ኤቶሬም መጀመሪያ የታሰበው ለሥነ ጥበብ ነበር። ነገር ግን ታናሽ ወንድሙ ጭቃ ሲይዝ ጭቃው ነፍስ የሚዘራ መሆኑን አይቶ፥ እርሱ ራሱ በዚህ መንገድ ቢሄድ ሁለተኛ ሆኖ እንደሚቀር ተረድቶ ተወው ይባላል። ይህን ስናነብ ጥቂት ቆም ብለናል። ከመካከላችን ስንቱ ነው የማይሆንለትን ገና በወጣትነቱ ዐውቆ፥ ሳይቀና ለወንድሙ የሚለቅ?

ኤቶሬ ከሥዕል ወደ ብረት ተሻገረ። በሚላኖ ብስክሌትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ሳይክል ከሚሠራው ከፕሪኔቲ ኤ ስቱኪ ፋብሪካ ገብቶ ሥራ ተማረ። የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ መምህሮቹ ዐይኑና እጁ ነበሩ። በ1901 ዓ.ም. በወንድማማቾቹ በጉሊኔሊ መኳንንት ገንዘብ የሠራትን መኪና በሚላኖ ኤግዚቢሽን አቅርቦ ተሸለመ። ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። በሚቀጥለው ዓመት በአልሳስ የሚገኘው የደ ዲትሪሽ ኩባንያ ንድፍ አውጪ አድርጎ ሲቀጥረው፥ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ በውሉ ላይ የፈረመለት አባቱ ነው።

አልሳስ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ያለች፥ በ1871 ዓ.ም. ጀርመን በጦርነት ከፈረንሳይ የወሰደቻት አገር ናት። ኤቶሬ በዚያ፥ ከዚያም በስትራስቡርግ ከኤሚል ማቲስ ጋራ ሠራ። በ1907 ዓ.ም. ኮሎኝ ወደሚገኘው ወደ ዶይትስ የሞተር ፋብሪካ ተዛወረ። ቀን ቀን ለጌቶቹ ትልልቅ መኪና ይነድፋል፤ ማታ ማታ በቤቱ ምድር ቤት ለራሱ አንዲት ትንሽና ቀላል መኪና ይሠራል። በዘመኑ የነበረው እምነት ፍጥነት ከትልቅ ሞተር ይገኛል የሚል ነበር። ኤቶሬ ግን ክብደት ቢቀነስና እያንዳንዱ ዕቃ በጥንቃቄ ቢሠራ ትንሹ ትልቁን ሊያሸንፍ ይችላል ብሎ አሰበ። በ1909 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ፤ በአልሳስ በሞልስሃይም ከተማ አጠገብ የቆመ አሮጌ የማቅለሚያ ፋብሪካ ተከራየ። የስፔኑ ተወላጅ ባለ ባንክ ደ ቪስካያ በገንዘብ ረዳው። በ1910 ዓ.ም. በስሙ የተሠሩ መኪናዎች ይሸጡ ጀመር።

ያሰበው ነገር እውነት መሆኑ ብዙ ሳይቈይ ታየ። በ1911 ዓ.ም. በፈረንሳይ በለ ማን በተደረገው የግራን ፕሪ ሽቅድምድም፥ አሥር ሊትር ሞተር ያለው የፊያት መኪና አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣችው ግን አንድ ተኩል ሊትር እንኳ የማይሞላ ሞተር የያዘች የቡጋቲ መኪና ነበረች። የነዳት ኤርነስት ፍሪድሪክ የኤቶሬ ታማኝ መካኒክ ነው። በዝሆን አጠገብ ፍየል ሮጣ ሁለተኛ ብትወጣ ሰው ፍየሏን እንጂ ዝሆኑን አያወራም፤ ያን ቀንም የሆነው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በአገራችን ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ረዳቱን ሲጠራ ቸርኬውን አምጣ፥ ራጂውን አጥብቅ፥ ባሌስትራው ተሰብሯል፥ ካምቢዮው አልገባም ሲል እንሰማለን። እነዚህ ሁሉ፥ ጎማና ብሎን ሳይቀሩ፥ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ቡጋቲ በልጅነቱ በሚላኖ ፋብሪካ ሥራ ሲማር የሰማቸው ቃላት ከሞላ ጎደል እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ ሰውየውን ባናውቀው እንኳ የሥራውን ቋንቋ እንናገር ኖሯል።

በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኤቶሬ በጀርመን መሬት ላይ ፋብሪካ ያለው ኢጣልያዊ ነበርና ሞልስሃይምን ጥሎ ሄደ። ሲሄድ ለሽቅድምድም ያዘጋጃቸውን መኪናዎች ዕቃ በጓሮ ቀብሮ ነው የሄደው ይባላል። በፓሪስ ተቀምጦ የአውሮፕላን ሞተር ነደፈ፤ አሥራ ስድስት ሲሊንደር ያለውንም ንድፉን አሜሪካኖች ገዙት። በዚህ መካከል ከባድ ኀዘን ደረሰበት። በጦርነቱ ወራት የአንትዌርፕ የአራዊት ማቈያ እንስሳት ተገደሉ፤ ሬምብራንት የሚወዳቸውና ምስላቸውን የሚሠራው እነዚህኑ ነበር። ድኽነትና የመንፈስ ጭንቀት ተጨምሮበት ሬምብራንት በጃንዋሪ 1916 ዓ.ም. በፓሪስ ገና በሠላሳ አንድ ዓመቱ ራሱን ገደለ። ኤቶሬ ለወንድሙ ብሎ የለቀቀው ቦታ ባዶ ቀረ።

ጦርነቱ ሲያልቅ አልሳስ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። የኤቶሬ ፋብሪካም ከቦታው ሳይነቃነቅ ከጀርመንነት ወደ ፈረንሳይነት ተለወጠ። በ1920 ዓ.ም. ፍሪድሪክ በለ ማን አንደኛ ወጣ። በ1921 ዓ.ም. በኢጣልያ በብሬሻ ከተማ በተደረገው ሽቅድምድም ቡጋቲዎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ቦታ ሁሉ ያዙ።

ከዚህ በኋላ የጓደኛችን ትንሽ መኪና እናት ተወለደች። ስሟ ታይፕ 35 ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በኦገስት 1924 ዓ.ም. በሊዮን ግራን ፕሪ ነው። ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት፥ መጠኑም ሁለት ሊትር ያህል ነው። ቸርኬዋ ከአሉሚኒየም ፈስሶ ከፍሬኑ ከበሮ ጋራ አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጎማው ሲወልቅ ከበሮው አብሮ ይወጣና መካኒኩ ፍሬኑን ወዲያው ማየት ይችላል። የፊት አክሱ ክብደት እንዲቀንስ ውስጡ ክፍት ሆኖ ከተሠራ በኋላ እንደ ጌጥ ተወልውሏል፤ ባሌስትራዎቹም በአክሱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ያልፋሉ። የማይታይ ነገር እንኳ ሳይወለወል አይቀርም ነበር። ቀለሟ ሰማያዊ የሆነው በዘመኑ እያንዳንዱ አገር በሽቅድምድም የራሱ ቀለም ስለ ነበረውና የፈረንሳይ ቀለም ሰማያዊ ስለ ነበረ ነው።

ይሁን እንጂ በሊዮን ድሉ የኢጣልያዊው የካምፓሪ አልፋ ሮሜዮ ሆነ፤ ቡጋቲዎች ጎማቸው እየተላጠ ወደ ኋላ ቀሩ። ጎማው ግን ይለወጣል። ታይፕ 35 ጎማዋ ከተስተካከለ በኋላ የሠራችውን የሚያህል የሠራ የሽቅድምድም መኪና በዘመኗ አልነበረም። በሲሲሊ ተራራዎች በሚደረገው በታርጋ ፍሎሪዮ ከ1925 እስከ 1929 ዓ.ም. አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። በ1926 ዓ.ም. የዓለም የግራን ፕሪ ሻምፒዮና ተሰጣት። በ1929 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሞናኮ ግራን ፕሪ ሲደረግ፥ ዊሊያምስ በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ፥ አረንጓዴ ቀለም በተቀባች ቡጋቲ፥ ሰባት ሊትር የሚያህለውን የካራቺዮላን መርሰዲስ ቀድሞ ገባ። ትልቁም ትንሹም ውድድር ቢቈጠር ድሎቿ ከሺህ በላይ ናቸው።

እኅቶቻችን ተማሪዎች ደግሞ የኤሊሽካ ዩንኮቫን ስም እንዲያውቁልን እንወዳለን። ይህች የቼክ ተወላጅ በ1928 ዓ.ም. በታርጋ ፍሎሪዮ በቡጋቲ ተወዳድራ፥ ታላላቆቹን ነጂዎች እያስጨነቀች፥ ለጥቂት ጊዜም እየመራች ሄዳ በመጨረሻ አምስተኛ ወጣች። የአንዱ ዙር ርዝመት 108 ኪሎ ሜትር ነው፤ አምስት ጊዜ ይዞራል። እርሷም ከውድድሩ በፊት መንገዱን በእግሯና በመኪና እየዞረች ኩርባ ኩርባውን አጥንታ ነበር። በዚያው ዓመት ባልዋ ቼኔክ ዩኔክ በጀርመን በኑርቡርግሪንግ በቡጋቲ ሲሽቀዳደም ሞተ። ከዚያ በኋላ ከሽቅድምድም ወጣች። መስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለችው ትንሿ መኪና ደም አይታይባትም፤ የእናቷ ታሪክ ግን እንዲህ ያለም ገጽ አለው።

አሁን ወደ ክርክራችን የሚያቀርበን ነገር መጣ። የታይፕ 35ን አምሳያ አሳንሶ ለመሥራት የመጀመሪያው ሰው ሌላ ሳይሆን ኤቶሬ ራሱ ነው። ትንሹ ልጁ ሮላን በ1922 ዓ.ም. ተወልዶ ነበር። ልጁ አራት ዓመት ያህል ሲሆነው፥ በ1926 ዓ.ም. አባት የታይፕ 35ን ግማሽ የምታህል፥ በባትሪ የምትሄድ መኪና ሠራለት። ወደ ሞልስሃይም የሚመጡ ደንበኞች ይህችን አይተው ለልጆቻችን ሥራልን አሉት። እርሱም ታይፕ 52 ብሎ ቍጥር ሰጣትና እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ 500 ያህል ተሠርተው ተሸጡ። ገዦቹ መኳንንትና ንጉሣውያን ቤተ ሰቦች ነበሩ። ለልጅ የተሠሩት እነዚህ መኪናዎች ከጊዜ በኋላ አረጋውያን በብዙ ገንዘብ የሚሻሙባቸው ዕቃዎች ሆኑ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ የሦስት አራተኛ ልክ አምሳያ በ500 ቍጥር እንዲሠራ ታወጀ። አምሳያው ራሱ አምሳያ ወለደ ማለት ነው።

በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ግን ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ሰብሳቢዎች የሚያውቋቸው ልኮች ብዙ ሲሆኑ፥ ከነርሱ የታወቁት አንድ አርባ ሦስተኛና አንድ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። አንድ አርባ ሦስተኛው ከእንግሊዝ የመጫወቻ ባቡር ልክ የመጣ ነው። የታይፕ 35 ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ነው። ይህ በአንድ አሥራ ስምንተኛ 13 ሳንቲሜትር ከጥቂት ይሆናል፤ በአንድ አርባ ሦስተኛ 5 ሳንቲሜትር ከግማሽ ይሆናል። የጓደኛችንን መኪና በማስመሪያ ለክተን ልኩ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ለመለካት ሲባል ሣጥኑን ከፍቶልናል።

ኤቶሬ ስሙ ሲገን ልቡም አብሮ ገነነ። በሞልስሃይም እንደ አንድ ባላባት ይኖር ነበር። ባርኔጣውን ደፍቶ በፈረስ በፋብሪካው ግቢ ይዘዋወራል፤ ዘረ ጥሩ ፈረሶችና ውሾች ያረባል፤ ለደንበኞቹ ማረፊያ ቤት አሠርቷል፤ ሠራተኛው ሁሉ ጌታችን እያለ ይጠራዋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከዓለም መኪናዎች ሁሉ የምትበልጥ ለነገሥታት የምትሆን መኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ። ስሟን ሮያል አላት። ሞተሯ 12 ሊትር ከግማሽ ይበልጣል፤ ክብደቷ ከሦስት ቶን በላይ ነው። በራዲያተሯ አናት ላይ ከሟቹ ወንድሙ ከሬምብራንት ሥራ የተወሰደ በኋላ እግሩ የቆመ የብር ዝሆን አስቀመጠ። ይህን ጌጥ የወንድም መታሰቢያ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ሃያ አምስት ሊሠራ አስቦ ስድስት ብቻ ሠራ፤ ከስድስቱም የተሸጡት ሦስት ናቸው። በ1929 ዓ.ም. የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ሀብታሙን ሁሉ አስደንግጦት ነበርና ነገሥታቱ ሊገዙ አልመጡም። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲቃረብ ያዳነው ሌላ ሐሳብ ነው፤ ለሮያል የተዘጋጁትን ሞተሮች በባቡር ላይ ገጠማቸው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የቡጋቲ ፈጣን ባቡር በፈረንሳይ ሐዲድ ላይ ይሮጥ ጀመር። ለንጉሥ የታሰበው ሞተር ቲኬት የቈረጠውን መንገደኛ ሁሉ ጫነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ለብዙ ሰው የጠቀመው ይህ ይመስለናል፤ ነገር ግን የባቡሩን አምሳያ በመስተዋት ሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው።

የኤቶሬን ጉድለት ደብቀን ብናልፍ ታሪክ ጻፍን ለማለት አንችልም። ሌላው ሰው ያገኘውን ዘዴ ለመቀበል ልቡ ይከብደው ነበር። አየር ወደ ሞተር የሚገፋውን መሣሪያ ሌሎች ሲጠቀሙ እርሱ ብዙ ከዘገየ በኋላ ነው የተቀበለው። ሌሎች በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ሲያደርጉ እርሱ በገመድ የሚሳበውን ፍሬን እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ አልለቀቀም። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን መንግሥት የሚደግፋቸው መርሰዲስና አውቶ ዩኒየን ሲመጡ ሰማያዊዎቹ መኪናዎች ከኋላ ቀሩ።

የከፋውም ቀን በ1936 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ አገር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ፋብሪካዎችን ያዙ፤ በሳምንት አርባ ሰዓት የመሥራትና ደመወዝ እየተከፈላቸው የማረፍ መብትም አገኙ። አድማው ወደ ሞልስሃይምም ደረሰ። ኤቶሬ ሠራተኞቼ ልጆቼ ናቸው ብሎ ያምን ነበርና ነገሩን እንደ ክዳት ቈጠረው። አባት መሆኑ በፈቃዱ የሰጠው ጸጋ እንጂ ሠራተኛው የሚጠይቀው መብት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ተገለጠ። ፋብሪካውን ለበኵር ልጁ ለዣን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። እኛ በዚህ ነገር ፍርዳችን ከሠራተኞቹ ጋራ ነው። ቢሆንም፥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያቆመው ቤት በር የተዘጋበት ሰው ምን እንደሚሰማው ማሰብ አይከብድም።

ዣን በ1909 ዓ.ም. የተወለደ፥ የአባቱን ዐይን የወረሰና ከአባቱ ይልቅ ከሠራተኛው ጋራ የሚግባባ ወጣት ነበር። ታይፕ 57 የተባለችው መኪና ሥራ በአብዛኛው የእርሱ ነው። በ1937 ዓ.ም. ቪሚዬና ቤኗ፥ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ቪሚዬና ቬይሮን በለ ማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር በቡጋቲ አሸነፉ። ኦገስት 11 ቀን 1939 ዓ.ም. ዣን ያሸነፈችውን መኪና ሊሞክራት ከሞልስሃይም አቅራቢያ በተዘጋ መንገድ ላይ ይነዳ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ አንድ ብስክሌት ነጂ ከፊቱ ገባበት። ዣን ሰውየውን ላለመግደል መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናዋ ከዛፍ ጋራ ተጋጨች፤ እርሱም ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። ኤቶሬ ወንድሙን ባጣበት ዕድሜ ግድም ልጁን አጣ።

ልክ ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ጀርመኖች አልሳስን ያዙ፤ ኤቶሬም ተገዶ ፋብሪካውን ሸጠላቸው። በመኪናዎቹ ስማቸው የገነነው ዊሊያምስና ሮቤር ቤኗ በድብቅ ጀርመንን ሲዋጉ ተይዘው፥ ቤኗ በ1944 በቡኽንቫልድ፥ ዊሊያምስም በ1945 በዛክሰንሃውዘን እስር ቤት ተገደሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ የፈረንሳይ መንግሥት ለጠላት የተሸጠ ንብረት ነው ብሎ ፋብሪካውን ወሰደ። ኤቶሬ በ1946 ዓ.ም. የፈረንሳይ ዜግነት ተቀብሎ በፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1947 ዓ.ም. ፋብሪካው እንዲመለስለት ሲፈረድ ግን በጽኑ ታሞ ዐልጋ ላይ ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ በኑዪ ዐረፈ፤ ከቤተ ሰቡም መቃብር ሞልስሃይም አጠገብ በዶርሊስሃይም ተቀበረ።

የግማሽ ልክ መኪና የተሠራለት ሮላን አድጎ ፋብሪካውን ለማቆም ቢጥርም አልሆነለትም፤ በ1963 ዓ.ም. ለኢስፓኖ ሱዊዛ ተሸጠ። ስሙን በ1998 ዓ.ም. ፎልክስዋገን ገዝቶት በ2005 ዓ.ም. በሞልስሃይም እንደገና መኪና ተሠራ። እኛን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን የሽሉምፕፍ ወንድማማቾች ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአልሳስ በሙልሃውስ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በምስጢር አሮጌ መኪና ሲሰበስቡ ኖሩ። በ1977 ዓ.ም. ፋብሪካቸው ከስሮ ሠራተኛው ሲበተን፥ ሠራተኞች አንዱን አዳራሽ ሰብረው ገቡ። በውስጡ ያገኙት እየተወለወሉ የተቀመጡ 400 ያህል መኪናዎችን ነው፤ ከነዚያም ከ100 በላይ የሚሆኑት ቡጋቲዎች ሲሆኑ ሁለቱ ሮያል ነበሩ። የእኛ ደመወዝ ወዴት እንደ ገባ አየን ብለው አዳራሹን ለሁለት ዓመት ያህል ይዘው ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። በ1982 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ሆነ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። መኪናዋ መጫወቻ ናት ያለው ጓደኛችን በአንድ ነገር እውነት አለው። ሰብሳቢ ከዕቃው ውበት በቀር ሌላ ነገር ማየት ካቆመ፥ ልኩ ቢለያይ እንጂ በሽታው የሽሉምፕፍ በሽታ ነው። የእጅ ሥራ መታሰቢያ ናት ያለውም እውነት አለው፤ የማይታየውን አክስ የወለወለ እጅ ሊከበር ይገባዋል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ረስተዋል። በራዲያተሯ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ ሠሪዎቿ ግን ብዙ ናቸው። አባቶቻችን ስለ ሃምሳው ሎሚ እንደ ተረቱት፥ ለአንድ ሰው ሸክም የሚሆነው ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ኤቶሬ ጌጡን ለብቻው አደረገ፤ ሸክሙንም በመጨረሻ ለብቻው ተሸከመ። ፍሪድሪክ፥ አሉሚኒየሙን ያፈሰሱት፥ ኤሊሽካ ዩንኮቫና ባልዋ፥ ዊሊያምስና ቤኗ፥ ዣንም በዚያች አንድ ስንዝር ብረት ውስጥ አሉ።

ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ካነበብንላቸው በኋላ የመኪናዋ ባለቤት ሣጥኑን ከፍቶ፥ መጫወቻ ናት ሲል ለነበረው ጓደኛችን አቀበለው። እርሱም መሪዋን አዙሮ የፊት ጎማዎቿን ተመለከተና ሲዞሩ አይቶ ያለ ፈቃዱ ፈገግ አለ። ሐሳቡን ግን አልለወጠም፤ ዋጋዋ አሁንም በዝቶበታል። ከመኪናዋ ሥር በወረቀት ላይ የነዚህ ሰዎች ስም እንዲጻፍ ያሳሰበው ግን እርሱ ነው። ወረቀቱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማየት የሚወድ አንባቢ ቢመጣ ባለቤቱ ያሳየዋል፤ ከቻለም እንዲይዛት ይፈቅድለታል።